የገተማ ማርና የባቱ ወይን

ወይን ጠጅን ለጀማሪ የሚያስተምሩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ አንባቢው ስለ መጠጥ ምንም እንደማያውቅ ቆጥረው ይነሣሉ። ካፋ ላይ ይህ አነሣስ አያዋጣም። ማሩን በጣቱ ጫፍ ቀምሶ «ይሄ የግራዋ ነው፣ ይሄ የገተማ» እያለ ንቡ የቀሰመውን ዛፍ የሚለይ ሰው ባለበት አገር ትምህርቱ ከመሃል ይጀመራል። ቀጥሎ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች በሐሳብ የመጡ ናቸው፤ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ግን እውነተኛ ነው። አክስትየዋ በካፋ ዞን ምዕራብ፣ ቢታ ገነት ከተማ ውስጥ ጠጅ ጥለው የሚተዳደሩ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ የመጠጥ አስተናጋጅ ነው፤ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ወይን ይዞላቸው መጥቷል።

አክስት፦ ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ። ጫካውን ለማየት ቦንጋ የሚመጣው እንግዳ አልፎ አልፎ እኛም ጋ ይደርሳል። ቁጭ ሲል «ወይን አለ?» ይለኛል። የለም ስለው ቢራ ያዛል። አንድ ካርቶን ላስመጣ አስቤ ነበር፤ ግን የማላውቀውን መጠጥ ለሰው አልቀዳም። ከምን እንደተሠራ አውቄ፣ ሲጠይቀኝ መልስ ኖሮኝ ነው መቅዳት ያለብኝ። እስቲ ከሥሩ አስረዳኝ።

ልጅ፦ ሥሩንማ እርስዎ ያውቁታል፣ እትዬ። ማር በውሃ በጥብጠው ሲተዉት ምን ይሆናል?

አክስት፦ መጀመሪያ ብርዝ ነው፤ ሕፃንም ይጠጣዋል። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ይነሣል፤ ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱን ገፍፌ አወጣለሁ። ከዚያ የጌሾውን እንጨት ከብርዙ ቀንሼ አፈላና እመልስበታለሁ። በየቀኑ አማስላለሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው አጥልዬ አቀርባለሁ።

ልጅ፦ ወይኑም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። ማር እንዳለ ቢቀመጥ አይፈላም፤ ስኳሩ ስለሚበዛበት እርሾ አይሠራበትም፣ ውሃ የሚጨምሩለት ለዚህ ነው። የወይን ፍሬ ግን ስኳሩንም ውሃውንም ይዞ ነው የሚለቀመው፤ መጨመቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከዚያ በኋላ እርሾው ስኳሩን ይበላል፣ በምትኩ አልኮልና ጋዝ ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር መሆኑን ያሳየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ወይን ለምን እንደሚበላሽ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሟል።

አክስት፦ እኔ እርሾ ጨምሬ አላውቅም። ከየት ይመጣል?

ልጅ፦ ከማሩ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ግድግዳ። የወይኑም በፍሬው ቆዳና በመጭመቂያው ቤት ውስጥ አለ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ግን የተመረጠ እርሾ ገዝተው ይጨምራሉ፣ ውጤቱ በየጊዜው እንዳይለያይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከየጠጅ ቤቱ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ ከሁሉ በልጦ ያገኙት እርሾ ሳካሮማይሴስ ሰረቪሲዬ የሚባለው ነው፤ ወይኑንም የሚያፈላው እሱ ነው።

አክስት፦ እንግዲያ ጥንካሬውስ? ወይን ከጠጅ ይበረታል ሲሉ እሰማለሁ።

ልጅ፦ በስኳሩ ልክ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲበላ አልኮሉ በመቶ አንድ ያድጋል። አሁን የእርስዎን እናስላ። አንድ ኪሎ ማር ላይ ስንት ውሃ ያደርጋሉ?

አክስት፦ እንደ ማሩ ነው። አንድ ለአራት እንበል።

ልጅ፦ ከማር ውስጥ በመቶ ሰማንያው ያህል ስኳር ነው። አንዱ ኪሎ 800 ግራም ስኳር አለው ማለት ነው። ማሩና ውሃው ተደምሮ 4.7 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ በሊትር 170 ግራም። ሁሉም ከተበላ አልኮሉ በመቶ 10 ነው። ደህና የበሰለ የወይን ጭማቂ ደግሞ በሊትር 220 ግራም ያህል ስኳር ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ወደ 13 ይደርሳል። የወይኑ ጠርሙስ ላይ ይህ ቁጥር ተጽፎ ያገኙታል። የእርስዎ አልተጻፈም እንጂ ሊሰላ ይችላል።

አክስት፦ ይሄን ቀደም ብሎ ማን በነገረኝ! ሰው «ዛሬ ጠጅሽ መታኝ» ሲለኝ የጌሾው ነገር ይመስለኝ ነበር። የማሩና የውሃው ሒሳብ ኖሯል።

ልጅ፦ ጌሾ መራራነቱንና ጠረኑን ይሰጣል፣ አበላሽ ተሐዋስያንንም ይከላከላል። ስካሩ ግን ከስኳሩ ነው። አሁን ቀዩን እንክፈት። ይሄ ሪፍት ቫሊ ነው፣ ሜርሎ ከሚባለው የወይን ዝርያ የተሠራ። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ችግኙን ከቦርዶ አምጥቶ ባቱ ላይ፣ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ተክሎ የሚያመርተው ነው። ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

አክስት፦ ብርጭቆውን ለምን ከግማሽ በታች ሞላኸው? ቆጥበህብኝ ነው?

ልጅ፦ ኧረ አይደለም! ማሽተቻ ቦታ እንዲኖረው ነው። እግሩን ይዘው ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ሲዞር ሽታው ይነሣል። አፍንጫዎን አስገብተው ያሽትቱት። ከዚያ ትንሽ ጎንጨት ብለው ወዲያው ሳይውጡ አፍዎ ውስጥ ያንከላውሱት።

አክስት፦ ... ሽታው የበሰለ ፍሬ ነው፤ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጣፋጭነቱ የለም! ድዴን ያዘኝ። ይሄ ነው የእናንተ ጌሾ?

ልጅ፦ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጌሾ መራራነት ምላስ ላይ ነው የሚሰማው፣ ወደ ኋላ ወደ ጉሮሮ ይሄዳል። ይሄ ግን አፍን የሚያደርቅ ነው፤ ታኒን ይባላል። ከወይኑ ቆዳና ከፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ይወጣል። ሻይ ቅጠሉ ሲበዛበትና ሲቆይ አፍ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጎምዛዛነቱ ነው፤ ምላስዎን ግራና ቀኝ ምራቅ ያስሞላዋል። እንግዲህ ወይን ሲቀምሱ አራት ነገር ለየብቻ ይጠይቁ፦ ጣፋጭነቱ ምን ያህል ነው? ጎምዛዛነቱስ? አፍ ይይዛል ወይ? ሲወርድ ጉሮሮ ያሞቃል ወይ? የመጨረሻው አልኮሉን ይነግርዎታል። ይሄን መለየት የቻለ ሰው ከብዙ አስተናጋጅ ይሻላል።

አክስት፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አልገባኝም። ሽታው ጣፋጭ፣ ጣዕሙ ደረቅ። እንዴት ነው አፍንጫዬ አንድ፣ ምላሴ ሌላ የሚለኝ?

ልጅ፦ ሁለቱም እውነት ነው። የፍሬ ሽታ ስኳር አይደለም። ስኳሩ አልቆ ሽታው ይቀራል። ወይን «ድራይ» ተብሎ የሚጠራው እርሾው ስኳሩን ከሞላ ጎደል ጨርሶ ሲበላው ነው፤ በአውሮፓ ደንብ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ4 ግራም በላይ ስኳር አይቀርበትም። ጣፋጭ የሚባለው ደግሞ በሊትር ከ45 ግራም ጀምሮ ነው። ጠጅ ቤት «ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ» ይባላል አይደል? እዚያ ደረቅ ሲሉ ጥንካሬውን ማለታቸው ነው። ወይን ላይ ግን ድራይ ማለት ስኳር የሌለው እንጂ ብርቱ ማለት አይደለም።

አክስት፦ ሁለቱም እኮ አይራራቁም። ጠጁ በቆየ ቁጥር ጣፋጩ ይሄዳል፣ ኃይሉ ይመጣል።

ልጅ፦ ልክ ነዎት፤ ያው ስኳር ነው ወደ አልኮል የሚለወጠው። ግን ከመነሻው ውሃ የበዛበት ጠጅ ስኳሩ ቢያልቅም ብርቱ አይሆንም። ማር የበዛበት ደግሞ ብርቱም ጣፋጭም ሊሆን ይችላል፤ አልኮሉ ሲበዛ እርሾው ራሱ ይዳከምና ስኳሩን ሳይጨርስ ይቆማል።

አክስት፦ ቀዩና ነጩስ? ነጭ ወይን ከነጭ ፍሬ ነው?

ልጅ፦ አብዛኛውን ጊዜ ነው፤ ግን የግድ አይደለም። ቀይ የወይን ፍሬ ጨምቀው ቢያዩት ጭማቂው ከሞላ ጎደል ቀለም የለውም። ቀለሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ቀይ ወይን ከነቆዳው ይፈላል። ሲፈላ ጋዙ ቆዳውን እንደ እርስዎ ሰፈፍ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እርስዎ ሰፈፉን ገፈው ያወጣሉ፣ እነሱ ግን ቆዳውን መልሰው ይደፍቁታል፣ ቀለሙንና ታኒኑን እንዲለቅ። ነጩ ቶሎ ተጨምቆ ያለ ቆዳ ነው የሚፈላው። ለዚህ ነው ነጭ ወይን አፍ የማይዘው። ሮዜ የሚባለው ከቆዳው ጋር ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የቆየ ነው።

አክስት፦ ጋን ውስጥ ነው የሚያፈሉት?

ልጅ፦ ዛሬ በአብዛኛው በማይዝግ ብረት በርሜል ነው። አንዳንዱን ከፈላ በኋላ በኦክ እንጨት በርሜል ያሳድሩታል፤ እንጨቱ የራሱን ሽታ ይሰጠዋል። ጆርጂያ የምትባል አገር ግን አለች፣ በካውካሰስ ተራሮች ሥር። እዚያ የወይን ጠጅ ርዝራዥ ያለበት የሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 8,000 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬም ክቬቭሪ በሚባል፣ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን የሚጥሉ አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን አሠራር ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

አክስት፦ ጋን! እኛ ጋኑን በወይራ እናጥነዋለን። ያጠንነው ጋን ጠጁን ሌላ ያደርገዋል። ኦክ ያልከው እንጨት የሚሠራው እንደዚህ ነው ማለት ነዋ። እንዲህ ከሆነ ምኑ ነው አዲስ ነገር? አስመጪና እንግዳ ብቻ የሚያውቀው አስመስለው ያወሩልኝ ነበር።

ልጅ፦ አዲሱ ነገር ሌላ ቦታ ነው፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ካርቶኑን እንጨርስ። ምን ምን ያስመጣሉ? እንግዳው ውጭ አገር ሰው ከሆነ ድራይ ቀይ ነው በብዛት የሚጠይቀው፤ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ አለው፣ ነጭ ከፈለገ ሻርዶኔ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ይመርጣል፤ ለእሱ አካሺያ አለ። አዋሽ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል፤ ከ1930ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ ያለ ፋብሪካ ነው። ጉደር ቀዩ፣ ክሪስታል ነጩ፣ አክሱማይት ጣፋጩ። አባባም ለሠርግ ይገዙት የነበረው አክሱማይት ነበር።

አክስት፦ አስታውሰዋለሁ፤ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ከምግብስ ጋር?

ልጅ፦ ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም መጻሕፍቱ የሚሉት ለእኛ ምግብ አይሆንም። «ቀይ ከቀይ ሥጋ፣ ነጭ ከዓሣ» ይላሉ። በርበሬ ያለበት ወጥ ላይ ግን ታኒን የበዛበት ብርቱ ቀይ ሲጠጡ ቃጠሎው ይብሳል፤ አልኮል የበርበሬን እሳት ያባብሳል። ጣፋጭነት ያለው መጠጥ ግን ያበርደዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ከሁሉም የሚሻለው የእርስዎ መካከለኛ ጠጅ ነው። እንግዳው ወይን ካለ አካሺያ ወይም አክሱማይት ቀዝቀዝ አድርገው ይስጡት። ድራዩን ቀይ ለጥብስና በርበሬ ላልበዛበት ክትፎ ያቆዩት፤ ቅቤና ሥጋ ታኒኑን ያለዝቡታል።

አክስት፦ ቀዝቀዝ አድርገህ ስትል ፍሪጅ ውስጥ?

ልጅ፦ ነጩና ጣፋጩ አዎ፣ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ቀዩን ከ15 እስከ 18፤ የቢታ ገነት የማታ አየር ራሱ ይበቃዋል። ጠርሙሱ ቡሽ ያለው ከሆነ ጋደም ይበል፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። ፀሐይና ሙቀት የማይደርስበት ጓዳ። ከተከፈተ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው ዕድሜው፤ ከዚያ በኋላ ይኮመጥጣል።

አክስት፦ ክዳኑን ያልዘጋሁት ጋን እንዲሁ ነው። አየር ሲገባው ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል።

ልጅ፦ ተሐዋስያኑም አንድ ናቸው። ሌላ አንድ ጉድለት አለ፣ ይሄን ግን ጋን አያውቀውም፤ ቡሹ የተበከለ ከሆነ ወይኑ የረጠበ ካርቶን ይሸታል። እንዲህ ከሸተተ እንግዳው ሳይናገር ሌላ ይክፈቱለት። ደግሞ ለማን እንደሚቀዱ ይወቁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ይከለክላል።

አክስት፦ ልጅ ተልኮ ሲመጣ ድሮም አልሰጥም። አሁን ግን ሌላ ልጠይቅህ። ይሄን ሁሉ ከባቱ ከማስመጣ ወይኑን እዚሁ ብተክለውስ? መሬታችን የማያበቅለው ምን አለ?

ልጅ፦ እትዬ፣ ይበቅላል፤ ፍሬው ግን አይተርፍዎትም። ወይን ፍሬው በሚበስልበት ወቅት ደረቅ አየር ይፈልጋል። ካፋ ላይ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፣ ያውም በብዙ ወራት ተከፋፍሎ። ሻጋታው ዘለላውን ሳይበስል ይበላዋል። ባቱ ዝናቡ በጣም ያነሰ ነው፤ የጎደለውን በመስኖ ይሞሉታል። አዋሽም ወይኑን የሚተክለው አርሲ ውስጥ መርቲ ጀጁ ነው፣ ቆላማ አገር። እኛ ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ ደግሞ ተክሉ እንደ አውሮፓው በብርድ ወራት አያንቀላፋም። መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው ገራዡ ነው። ይሄ ሁሉ ለእነሱ አገር የሚስማማ ሥራ ነው። የእኛ ዝናብ ለዛፍ ነው፤ ዛፉ ደግሞ ለንብ።

አክስት፦ እሱስ ልክ ነው። ቀፎው ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ንብ ራሱ ገብቶ ይሠራል። ማንም ውሃ አላጠጣው።

ልጅ፦ አሁን አዲሱ ነገር ጋ ደረስኩ። ይሄን ጠርሙስ ይዩት። ምን ተጽፎበታል? የዝርያው ስም፣ ያደገበት አገር፣ የተለቀመበት ዓመት፣ የአልኮሉ መጠን። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1935 ሕግ አውጥተው በየወይኑ አካባቢ ወሰን አሠመሩ፤ ከወሰኑ ውጭ የበቀለ ወይን የዚያን አካባቢ ስም እንዳይጠቀም ከለከሉ። አንድ ሰው ቦርዶ ሲል ቦታውን እየጠጣ ነው። እርስዎ እኔን ማር ሲያስቀምሱኝ ምን ይሉኝ ነበር?

አክስት፦ የቱን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ግራዋ ጥርና የካቲት ያብባል፤ ማሩ ጠቆር ይላል፣ መረርም ይላል። ቡናው ዝናብ ሲነካው ያብብና የራሱን ይሰጣል። ገተማው ሚያዝያ ነው፤ ማሩ ነጭ፣ ቶሎ የሚረጋ፣ ለስላሳ። ብሳናው ከዚያ ይከተላል። ደግሞ ዓመቱም አንድ አይደለም፤ ዝናቡ ቀድሞ የመጣ ጊዜ የገተማው አበባ ይረግፍና ማሩ ያንሳል።

ልጅ፦ የወይን አዋቂ ይሄን ነው ዕድሜ ልኩን የሚማረው! ዝርያ፣ ወቅት፣ ቦታ፣ ዓመት። እርስዎ ሁሉንም ያውቁታል። ጋኑ ውስጥ ሲገባ ግን ሁሉም ይደባለቃል። ነጋዴውም ሁሉንም አንድ በርሜል ውስጥ ይገለብጠዋል፤ «የካፋ ማር» ብቻ ሆኖ ይወጣል፣ እሱም ከተባለ። የኢትዮጵያ ማር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አውሮፓ ገበያ እንዲገባ ተፈቅዶለታል። ጫካችንም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ማሩ ግን የትኛው ጫካ፣ የትኛው አበባ እንደሆነ አይናገርም።

አክስት፦ ተው ልጄ። ወረቀት ቢለጠፍበት ማን ይገዛዋል? ጠጅ ቤት የሚገባ ሰው ብርሌውን ነው የሚያየው። ደግሞ መደባለቄን እንደ ጥፋት አትቁጠርብኝ። የግራዋው ብቻውን ይመራል፤ ነጩ ሲገባበት ይለዝባል። የገተማው ብቻውን ደግሞ ጌሾ ሲያርፍበት ጠረኑ ይጠፋል። እየቀመስኩ ነው የማደባልቀው።

ልጅ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ረቱኝ። ቦርዶዎችም ሜርሎና ካበርኔ ያደባልቃሉ፤ ማደባለቁ ራሱ ጥበብ ነው። የምለው ግን ሲያደባልቁ ምን ከምን ጋር እንደሆነ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት። እርስዎ ቢደክሙ አብሮ ይሄዳል። ልጅ ነኝ፣ ጣዕሙን አውቀዋለሁ፣ እንዴት እንደሚመጣ ግን አላውቅም። ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ።

አክስት፦ ...

ልጅ፦ አንድ ነገር ልንገርዎት። ካሜሩን ውስጥ ኦኩ የሚባል ተራራ አለ። የተራራው ጫካ ነጭ ማር ይሰጣል። አናቢዎቹ ተደራጅተው ማሩ የሚመጣበትን ጫካ ወሰኑ፣ አሠራሩን ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ አእምሯዊ ንብረት ድርጅት «የኦኩ ነጭ ማር» ብሎ በአካባቢው ስም መዘገበላቸው። ያ ነጭ ማር በዋናነት ከምን ዛፍ እንደሚመጣ ያውቃሉ? አንዱ ገተማ ነው።

አክስት፦ ገተማ? የእኛ ገተማ?

ልጅ፦ ያው ዛፍ! ሳይንቲስቶች የሰጡት ስም ራሱ በሐበሻ ነው የሚጠራው፤ ሼፍሌራ አቢሲኒካ ይሉታል። በአገራችን ስም የተሰየመው ዛፍ ማሩ በወረቀት የታወቀለት ካሜሩን ነው።

አክስት፦ ይሄስ ያንገበግባል። ወንድሜ ኮቦ፣ ቀፎ በሚሰቅልበት የጫካ ድርሻው ውስጥ ያለው ገተማ የአያታችን ነው። የማን ዛፍ እንደሆነ፣ ማን ቀፎ እንደሚሰቅልበት ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ወሰኑማ ድሮም አለ እኮ። ወረቀቱ ነው የሌለው።

ልጅ፦ ፈረንሳዮች ሕግ ሳያወጡ በፊትም ገበሬው ወሰኑን ያውቅ ነበር። ሕጉ የመጣው ሌላው ሰው በስማቸው ርካሽ ወይን ሲሸጥ ነው። እኛም ጋ በስኳርና በቀለም የተሠራ መጠጥ ጠጅ ተብሎ በየከተማው ይሸጣል። የማር ጠጅ የሚጥል ሰው ከዚያ ሰው ጋር እኩል ዋጋ ሲቀበል ነገ ማር መግዛቱን ይተዋል። ማር ካልተገዛ ደግሞ ገተማውን ማን ያቆየዋል? ይቆረጥና ጣውላ ይሆናል።

አክስት፦ እሺ፣ ልጻፍ እንበል። በጠርሙስ አሽጌ ነው የምሸጠው? አንድ ጊዜ ለሠርግ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ልኬ መንገድ ላይ ተነፋፍቶ ክዳኑ በረረ።

ልጅ፦ ፍላቱ ሳያልቅ ስለታሸገ ነው፤ ጋዙ መውጫ አጣ። የብርጭቆ ጠርሙስ ቢሆን ፈንድቶ ሰው ይጎዳ ነበር። የወይን ፋብሪካ መፍላቱ መቆሙን በመሣሪያ ለክቶ፣ አጣርቶ፣ ጥቂት ሰልፈር ጨምሮ ነው የሚያሽገው። ያ መሣሪያና ያ ሙያ እስኪመጣ ድረስ ጠርሙሱን ይተዉት። እዚሁ በብርሌ ይሽጡት። የሚጻፈው ጋኑ ላይና ደብተር ላይ ነው፦ ማሩ ከየትኛው አበባ፣ ከማን ኮቦ፣ መቼ የተቆረጠ፣ ውሃው ስንት፣ ጌሾው ስንት፣ መቼ ተጥሎ መቼ ተጠለለ። ካርቶኑን ሙሉ አያስመጡ። ሁለት ድራይ ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ ሁለት ጣፋጭ ይበቃል። እንግዳው ወይን ሲጠይቅ ከወይኑ አጠገብ ሁለት ዓይነት ጠጅ በትንሽ በትንሹ ያቅምሱት፤ አንዱን «የገተማ»፣ ሌላውን «የግራዋ» ብለው። እንዴት እንደሚቀመስ አሁን ያውቃሉ፤ እርስዎ ነዎት የሚመሩት።

አክስት፦ ሁለት ጋን ለየብቻ። የግራዋው እስከ ጥር ድረስ አያብብም፤ የቀረኝ ከብሳናው ጋር የተደባለቀ ነው፣ እሱን አልቆጥረውም። የገተማው ግን አለ። ግንቦት የተቆረጠ፣ ከወንድሜ ኮቦ፣ ነጭ ረግቷል። ዐሥራ ሁለት ኪሎ ይሆናል።

ልጅ፦ እንግዲያው 48 ሊትር ውሃ።

አክስት፦ አይደለም። ለዚህ ማር አንድ ለአራት አይሆንም፤ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ሲበዛበት ሽታው ይጠፋል። አንድ ለሦስት፤ 36 ሊትር።

ልጅ፦ ያኔ ስኳሩ ሁሉ ከተበላ አልኮሉ ወደ 13 ይጠጋል፣ ልክ እንደዚህ ሜርሎ።

አክስት፦ ሁሉም እንዲበላማ አልፈልግም፤ ትንሽ ጣፋጭ ይቅርበት። ጌሾውን ከወትሮው በግማሽ እቀንሳለሁ፣ ከአራት ቀን በላይም አላሳድረውም። ጋኑን ግን አጥነዋለሁ፤ በወይራ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ደብተር ይዘሃል? እንግዲህ እንዳልኩህ ጻፍ፤ የገተማውን በፊት።